ደም ሥር ዘበኛ የለውም



ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ሰዓት ሳይሞላ ባልቲሞር ትገባላችሁ። እዚያ ከተማ ጆን ማየርስ የሚባል ሐኪም ነበር። ደከመኝ፣ ልቤን ጨነቀኝ፣ ደረቴን ወጋኝ እያለ ለሚመጣው ሕመምተኛ ቫይታሚንና ማዕድን በአንዲት አሥር ሚሊ ሊትር በምትይዝ ስሪንጅ ቀላቅሎ፣ ቀስ እያለ በደም ሥሩ ይሰጠው ነበር። ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1984 አረፈ። ሕመምተኞቹ ግን መርፌዋን ለምደዋታል፤ አለን ጌቢ ወደሚባል ሌላ ሐኪም ሄደው ያንኑ እንዲቀጥልላቸው ጠየቁት። ጌቢ በስሪንጇ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ደረሰበት፤ ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ የቢ ቫይታሚኖች፣ ቫይታሚን ሲ፣ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳይቀር። የእያንዳንዱ መጠን ስንት እንደነበር ግን አልታወቀም። ስለዚህ አሲዱን ትቶ፣ መጠኑን በራሱ ግምት አስተካክሎ መስጠት ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ ልምዱን በአንድ የአማራጭ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ዛሬ በየገበያ ማዕከሉ፣ በየውበት ሳሎኑ፣ በየሆቴሉ «ማየርስ ኮክቴል» ተብሎ የሚሰቀለው ቢጫ ከረጢት ከዚያ የመጣ ነው። ስሙ የማየርስ ነው እንጂ ማየርስ ራሱ ስንት ስንት ያደርግበት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

እኔ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ፤ ሥራዬም ቅመማ ነው። በአፋቸው መብላት ለማይችሉ ሰዎች በደም ሥር የሚገባ ምግብ በሚዘጋጅበት ክፍል ነው ቀኔን የማሳልፈው። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ሁሉ ማጭበርበር ነው ልላችሁ አልመጣሁም፤ እንዲያ ብል የገዛ እንጀራዬን መርገም ይሆንብኛል። ነገር ግን በክርስትናው፣ በሠርጉ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንድ ሰው መጥቶ ጎኔ ይቀመጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ የቫይታሚን ግሉኮስ እንዴት ነው? ብወስደው ይሻለኛል?» ይለኛል። ቫይታሚን ጥሩ ነው ወይ ከሆነ ጥያቄው፣ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በየት በር እንደሚገባና ማን እንዳዘጋጀው ነው።

በአፍ የገባ ነገር ብዙ ፍተሻ አለበት። ምራቅ አለ፣ የጨጓራ አሲድ አለ፣ የአንጀት ግድግዳ አለ፣ ከዚያም ጉበት ይጠብቀዋል። አብሮ የተዋጠው ጀርም አብዛኛው አሲዱ ላይ ይቀራል። ከሚያስፈልገው በላይ የገባውንም አንጀት መልሶ ያሰናብተዋል። ቫይታሚን ሲን እንይ። 200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በሦስት ብርቱካን ውስጥ የሚገኘውን ያህል፣ ብትወስዱ ሰውነት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይቀበላል። ከአንድ ግራም በላይ ብትውጡ ግን ግማሹን እንኳ አያስገባም፤ ሲበዛ ጭራሽ ተቅማጥ ያመጣል። ይህን የለኩት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው። እነርሱው ደግሞ ቫይታሚኑ በደም ሥር ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚደርስበት መጠን በአፍ ሊደረስ ከሚችለው እስከ 70 እጥፍ ገደማ ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ሻጮቹ ይህን ቁጥር በጣም ይወዱታል። «መቶ በመቶ ይገባል» ይላሉ፤ አልዋሹም። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ሆድ ዘበኛ የቆመበት በር ነው፤ ደም ሥር ግን ዘበኛ የለውም። የሚጠቅመውም የሚጎዳውም፣ የቀማሚው ስህተትም ጀርሙም እኩል መቶ በመቶ ይገባል።

ደግሞስ ብዙ መግባቱ ራሱ ይጠቅማል ያለው ማን ነው? በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ኢንፌክሽን መላ ሰውነታቸውን አውኮት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ 872 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከፊሎቹ ቫይታሚን ሲ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር፣ የቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። በ28ኛው ቀን ሲታይ፣ የሞቱት ወይም የውስጥ አካላቸው ሥራ ገና በሰው ሠራሽ እርዳታ ላይ የነበረው ቫይታሚን ከወሰዱት 44.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 38.5 በመቶ ሆኑ። ቫይታሚኑን የወሰዱት የባሱ ናቸው ማለት ነው። እነዚህ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደክሞት ክሊኒክ ከሚገባ ጤነኛ ሰው ጋር አንድ አይደሉም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን «ቫይታሚን ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚል ሰው መልስ ይሆነዋል። በዚያ ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ስለሚለወጥ ኩላሊት ላይ ጠጥሮ ኩላሊትን ሊያደክም ይችላል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሶችን ያፈነዳል። ይህ እጥረት በደጋው ሕዝባችን ዘንድ ብዙ አይታይም፤ በጋምቤላ በኩል ግን የበለጠ አለ። ከረጢቱን ከመስቀሉ በፊት ይህን በደም ምርመራ ያጣራ ክሊኒክ ካለ እሰየው ነው።

አሁን ደግሞ በደም ሥር የሚገባ ምግብ ሰው ያዳነበትን ታሪክ ላውጋችሁ፤ ይህ ታሪክ ከሌለ ሌላው ሁሉ መሠረት የለውም። በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስታንሊ ዱድሪክ የሚባል ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። በጊዜው ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ሕመምተኛው የሚሞትበት አጋጣሚ ብዙ ነበር። ቁስሉ ድኗል፣ ስፌቱ ይዟል፤ ግን አንጀቱ ሥራ አቁሟል፤ ሰውየው በሆስፒታል አልጋ ላይ በረሃብ ይሞታል። ያን ጊዜ በክንድ ደም ሥር የሚሰጠው ስኳርና ጨው ነፍስ ያቆይ ይሆናል እንጂ ሰው አያኖርም። የሚያኖረውን ያህል ስኳርና ፕሮቲን ለማስገባት ፈሳሹ መወፈር አለበት፤ የወፈረ ፈሳሽ ደግሞ ቀጭኑን የክንድ ደም ሥር ያቃጥለዋል። ዱድሪክ መላ አገኘ፤ ቱቦውን ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር አስገባ፤ እዚያ ደሙ በብዛት ስለሚፈስ የወፈረው ፈሳሽ ወዲያው ይቀጥናል። መጀመሪያ በቡችሎች ሞከረው። ቡችሎቹ በአፋቸው ምንም ሳይቀምሱ፣ በደም ሥራቸው ብቻ እየተመገቡ፣ በአፋቸው ከሚበሉት ወንድሞቻቸው ጋር እኩል አደጉ። በ1967 ደግሞ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል፣ አንጀቷ ሳይሠራ የተወለደች አንዲት ጨቅላ በዚሁ መንገድ ተመገበች፤ ክብደት ጨመረች፣ ራሷም አደገ። ዛሬ ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት፣ አንጀታቸው የተቆረጠ ሰዎች በዚህ ነው የሚኖሩት። የእኔም ሥራ ከዚያ የተወረሰ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ትንሽ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ያንን ቢጫ ከረጢት በአገልግሎት ዝርዝር ላይ ያያችሁት ሁላችሁ የጓዳውን አላያችሁም። ጠዋት ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። የተኳኳለ ሰው አይገባም፤ ኩልም ፓውደርም ብናኝ ነው። እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፤ ፀጉር ይሸፈናል፣ ጫማ ይሸፈናል፣ ጭምብል፣ ጋውን፣ ከጀርም የጸዳ ጓንት። እጃችንን አስገብተን የምንሠራበት ሁድ ውስጥ የሚነፍሰው አየር የተጣራ ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። እናንተ አሁን በምትተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው በብዙ ሚሊዮን ነው። የእያንዳንዱ ብልቃጥ ክዳን በአልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አዲስ ሠራተኛ የሚቸገረው በዚህች መጠበቅ ነው። ጀርሙን የሚገድለው አልኮሉ ላዩ ላይ የሚቆይባት ያቺ ጊዜ ናት፤ ሰው ግን ይቸኩላል፤ እኔም ከጀርባቸው ቆሜ «ቆይ፣ ቆይ» ስል ነው የምውለው።

ከዚያ ቅደም ተከተል አለ። ካልሲየምና ፎስፌት በአንድ ከረጢት ውስጥ እንዲገቡ ይታዘዛል፤ ሁለቱም ለአጥንት ያስፈልጋሉ። ፎስፌቱ ቀድሞ ይገባል፤ ካልሲየሙ ሌላው ሁሉ ከተዋሐደ በኋላ ወደ መጨረሻ ይገባል፤ በመካከሉ ከረጢቱ ደጋግሞ ይነቀነቃል። መጠኑ ወይም ተራው ከተዛባ ሁለቱ ተያይዘው ደቃቅ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። ከረጢቱን አንዴ በጥቁር፣ አንዴ በነጭ ሰሌዳ ፊት ይዘን የምናገላብጠው ያንን ዝቃጭ ለመያዝ ነው። ስብ የተጨመረበት ከረጢት ሲሆን ደግሞ ፈሳሹ ራሱ እንደ ወተት ስለሚነጣ ዓይን አያገኘውም፤ ያለን ስሌት ብቻ ነው። በ1994 ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚሁ ጉዳይ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ያ ዝቃጭ የሳንባን ቀጫጭን ደም ሥሮች ደፍኖ ሁለት ሰዎች ሞተው ነበርና። ሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ነው ይህ የሆነው። ካልሲየምም ፎስፌትም መርዝ አይደሉም፤ ወተት ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት።

እንግዲህ የቅመማ ፋርማሲ ከሆስፒታል ውጭ ሲሆን ምን ይፈጠራል? በአሜሪካ መድኃኒት ቀምሞ የሚሸጥ ፋርማሲ በሕግ የታወቀ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ለክኒኑ ቀለም አለርጂ ያለው ሰው አለ፤ ክኒን መዋጥ የማይችል ሕፃን አለ፤ ከገበያ የጠፋ መድኃኒት አለ። ለእነዚህ ሐኪም ማዘዣ ጽፎ፣ ፋርማሲስቱ ለዚያ ሰው ብቻ ይቀምማል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተቀመመ መድኃኒት የኤፍዲኤ ፈቃድ የለውም፤ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱን፣ ፈዋሽነቱንና ጥራቱን ማንም መንግሥታዊ አካል አይቶ አላጸደቀውም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ አንድ ለአንድ ሰው የተቀመመን ነገር እንዴት ብለህ በሺህ ሰው ትፈትነዋለህ? ችግሩ የሚመጣው ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሥራ በጅምላ ሲሠራ ነው።

በ2011 አላባማ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በአገሪቱ ለደም ሥር ምግብ የሚውለው የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ አጠረ። በበርሚንግሃም ያለ አንድ የቅመማ ፋርማሲ እጥረቱን ለመሙላት ብሎ አሚኖ አሲዱን ከዱቄት ራሱ መበጥበጥ ጀመረ። በስድስት ሆስፒታሎች የነበሩ 19 ሕመምተኞች ደማቸው በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ተበከለ፤ ዘጠኙ ሞቱ። መርማሪዎች ሄደው ሲፈትሹ ያንኑ ባክቴሪያ በቧንቧው አፍ፣ ዱቄቱ በሚበጠበጥበት ዕቃና በተከፈተው የዱቄት መያዣ ውስጥ አገኙት። የቧንቧ ውኃ ብንጠጣው ምንም የማይለን ውኃ ነው። ጨጓራ አለና። እነዚያ ሰዎች ግን ውኃውን አልጠጡትም።

በዓመቱ የባሰው መጣ። በማሳቹሴትስ፣ ፍሬሚንግሃም፣ ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የሚባል ፋርማሲ ለወገብ ሕመም አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ የስቴሮይድ መድኃኒት ቀምሞ በየግዛቱ ይልክ ነበር። ቫይታሚን አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። በብልቃጦቹ ውስጥ ፈንገስ ነበረ። ወደ 14,000 ሰዎች ተወግተውት፣ በ20 ግዛቶች ከ750 በላይ ሰው ታመመ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በቆጠረው 64 ሰው ሞተ፤ ዓመታት እየሄዱ ሲቆጠር ደግሞ ከመቶ በለጠ። በፈንገስ የመጣ ማጅራት ገትር ነው፤ ብዙ ሐኪም በዕድሜው አይቶት የማያውቅ። ፍርድ ቤት ሲደርስ የወጣውን ግን አድምጡ፤ ሕጉ እያንዳንዱ ብልቃጥ በአንድ ሰው ስም በተጻፈ ማዘዣ እንዲወጣ ስለሚያዝ፣ ማዘዣዎቹ በዝነኞችና በቀልድ ስሞች ተሞልተው ተገኙ። የፋርማሲው ኃላፊ በ2017 ተፈርዶበት ዘጠኝ ዓመት ገባ፤ በ2021 ቅጣቱ ወደ 14 ዓመት ተኩል ከፍ አለበት።

ከዚያ እልቂት በኋላ በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. አዲስ ሕግ ወጣ። ቅመማ ቤቶች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው በሰው ስም በተጻፈ ማዘዣ የሚቀምመው የሰፈር ቅመማ ፋርማሲ ሲሆን፣ የሚቆጣጠረው በዋናነት የግዛቱ የፋርማሲ ቦርድ ነው። ሁለተኛው በጅምላ ቀምሞ ለክሊኒክ የሚያቀርበው ነው፤ እርሱ በኤፍዲኤ ይመዘገባል፣ እንደ መድኃኒት ፋብሪካ በኤፍዲኤ ይፈተሻል። ለእናንተ የሚጠቅመው ጥያቄ ከረጢቱ ውስጥ የገባው ከየትኛው ነው የሚለው ነው። ስትጠይቁ የሚያኮርፍ ክሊኒክ ካለ ጫማችሁን አስራችሁ ውጡ።

ማስታወቂያው ለምን እንዲህ በዛ ለምትሉ ደግሞ፣ ቀድሞ የወጣው የ1997ቱ ሕግ ቅመማ ቤቶች አንድን መድኃኒት ለይተው እንዳያስተዋውቁ ይከለክል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ክልከላው የመናገር ነፃነትን ይነካል ብሎ ሻረው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ መርፌም ይናገራል።

ሆኖም ዛሬ ትልቁ ሥጋት ከቅመማ ፋርማሲው ይልቅ ከረጢቱ የሚቀላቀልበት የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው እላለሁ። ፋርማሲው ብልቃጦቹን ይልካል። ክሊኒኩ፣ ወይም በመኪና ቤት ለቤት የምትሄደው ነርስ፣ ከአምስቱ ስድስቱ ብልቃጥ እየቀዳች ከረጢቱ ውስጥ ትጨምራለች። ያ ራሱ ቅመማ ነው። በምን ክፍል? በምን ጓንት? አጠገቡ ቡና ተቀምጧል? ኤፍዲኤ በ2021 ንጽሕናቸው ባልተጠበቀ ክሊኒኮችና ቤት ለቤት በሚሠሩ አገልግሎቶች ስለሚቀላቀሉ የደም ሥር ቫይታሚኖች ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው። በቴክሳስ በ2023 አንዲት ሴት በአንድ የውበት ክሊኒክ ከረጢት ተሰቅሎላት ሞተች፤ ግዛቱ በ2025 እንዲህ ያለውን ነገር ማን ሊያዝ፣ ማን ሊሰጥ እንደሚችል የሚወስን ሕግ አወጣ። በዚሁ በቴክሳስ ከረጢቱ ካንሰርን፣ የስኳር በሽታን፣ የልብ ድካምን ያክማል እያለ የሚያስተዋውቅ አንድ የክሊኒክ ድርጅት ደግሞ በ2018 በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ እንዲያቆም ተደርጓል።

«ግን እኮ ማዘዣ አለው» ትሉኝ ይሆናል። አለው። ማዘዣው የሚጻፍበትን ሁኔታ ግን አስተውሉ። እኔ በማውቀው ሕክምና ሐኪሙ ያይሃል፣ ይመረምርሃል፣ የሚበጅህን ያዝልሃል። እዚህ ደንበኛው መጀመሪያ ከዝርዝሩ ላይ «ኢነርጂ» ወይም «ቢዩቲ» ወይም «ኢሚዩኒቲ» ብሎ ይመርጣል፤ ከመቶ ዶላር በላይ ይከፍላል፤ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴ በስልክ ብቅ ብሎ፣ የተመረጠውን ይፈርማል። ፊርማው ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ማዘዣ አልለውም።

አሁን የወሰዱት ሰዎች የሚሉትን እናንሳ፤ እዚህም ተቀምጣችኋልና። «ወዲያው ነው የተሰማኝ፤ መላ ሰውነቴን ሞቅ አለኝ፤ አፌ ላይ ቫይታሚኑ ጣዕሙ መጣ።» እውነት ነው፤ አልተሳሳታችሁም። ሙቀቱ የማግኒዝየሙ ነው፤ ደም ሥርን ያሰፋል፤ ፈጥኖ ከገባ የደም ግፊት ይጥላል፤ ሰው ያዞራል። ጣዕሙ የቢ ቫይታሚኖቹ ነው። ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ሆኖ የምታዩትም ቫይታሚን ቢ2 ነው፤ ሰውነት አልፈልግም ብሎ ያስወጣው፣ እናንተ የከፈላችሁበት። መድኃኒቱ መግባቱን ሰውነታችሁ በትክክል ነግሯችኋል። መጥቀሙን ግን አልነገራችሁም። በ2009 የታተመ ትንሽ ሙከራ አለ። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል መላ ሰውነት የሚያሳምም ሕመም ያለባቸው 34 ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት፣ ከፊሎቹ የማየርስን ኮክቴል፣ ከፊሎቹ ቫይታሚን የሌለበት ጨዋማ ፈሳሽ ወሰዱ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እኔ ይህን ሳነብ አልሳቅኩባቸውም። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ሥራውን ትቶ፣ ምቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ነርስ እየመጣች «እንዴት ነህ?» እያለችው፣ ፈሳሹን ሲወስድ ቢሻለው ምን ይገርማል? በቀን ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ኡበር ሲነዳ አድሮ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ያቺ ወንበር ብቻዋን መድኃኒት ናት። ያለ መርፌ ብትገኝ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለመርፌ ያለን ፍቅር ደግሞ ከአገር ይዘነው የመጣን ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው «ዝም ብለው ሸኙኝ» ይላል። የተወጋ ታክሟል። ግሉኮስ የተተከለለት ደግሞ በደንብ ታክሟል፤ ጠያቂ ይመጣለታል፣ ብርቱካን ይመጣለታል። በየግል ክሊኒኩ ምንም ያልጎደለው ሰው አቅም እንዲሆነው ተብሎ ቢ ኮምፕሌክስ የተጨመረበት ግሉኮስ ሲተከልለት ያላየ ማን አለ? ስለዚህ እዚህ መጥተን ያንኑ ነገር በለስላሳ ሙዚቃና በሎሚ ውኃ ታጅቦ ስናገኘው ቢመቸን አይደንቅም። አሜሪካኖቹ አዲስ ነገር ያገኙ ይመስላቸዋል፤ የእኛ ድሬሰሮች ቀድመዋቸዋል።

ቢ12 ላይ ግን ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት እውነተኛ ጉዳይ አለ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ከእኛ ከኦርቶዶክስ ምእመናን ብዙዎቹ በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህናቱ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ከእነዚህ ሁሉ ይጾማሉ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያስቀምጥ፣ ጾሙ ሲፈታ በደንብ የሚበላ ጤነኛ ሰው ብዙ አይቸገርም። ነገር ግን ዕድሜው ከገፋ፣ ጨጓራው ከሳሳ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት ከወሰደ፣ ለውፍረት ጨጓራውን ካስቆረጠ፣ በዚያ ላይ አጥብቆ ከጾመ፣ ቢ12 ሊያልቅበት ይችላል። እግሩን ይደነዝዘዋል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል፣ ይረሳል። ቤተሰብ እርጅና ነው ይላል። እርጅና ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ ሳይጎዳ ከተደረሰበት የሚድን ነገር ነው።

የቢ12 ታሪክ ራሱ ደስ ይላል፤ ትንሽ የሚቀፍ ቢሆንም። ገዳይ የነበረው የደም ማነስ በሽታ ጉበት አብዝቶ በመብላት እንደሚድን የቦስተን ሐኪሞች፣ ማይኖትና መርፊ፣ በ1926 አሳዩ፤ በ1934 ኖቤል ተሸለሙ። እዚያው ቦስተን ዊልያም ካስል የሚባል ሐኪም ደግሞ ጥሬ ነገር የሆነ የበሬ ሥጋ ራሱ በልቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጨጓራው አውጥቶ፣ ለሕመምተኞቹ በቱቦ ሰጣቸው፤ ተሻላቸው። ሥጋውን ያለ ጨጓራው ሲሰጣቸው አልተሻላቸውም። ቢ12ን አንጀት የሚቀበለው ከጨጓራ በሚወጣ አንድ አጃቢ ታጅቦ ሲመጣ እንደሆነ የታወቀው በዚህ ነው። ያ አጃቢ የሌለው ሰው መርፌ ያስፈልገዋል ይባል ነበር። አሁን ግን ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ማይክሮ ግራም በየቀኑ ከተዋጠ ከመቶ አንድ ያህሉ ያለ አጃቢም እንደሚገባና ለብዙ ሰው እንደሚበቃ ታውቋል። መርፌው ካስፈለገም የተፈቀደው ሳያኖኮባላሚን አለ፤ ፋብሪካ የሠራው፣ ኤፍዲኤ ያየው፣ ርካሽ። የቅመማ ክሊኒኮች ሜቲልኮባላሚን የሚባለውን «የነቃ» ዓይነት ይሰጧችኋል፤ ለእርሱ በአሜሪካ የተፈቀደ መርፌ የለም፤ ሁሉም የተቀመመ ነው። እናታችሁ እግራቸው ከደነዘዘ በደም ምርመራ ይታዩ እንጂ ከዝርዝር መርጠው አይወጉ።

ስለ ግሉታታዮን አንድ ቃል ልበልና ልለፍ፤ ወጣቶቹ ስለጠየቃችሁኝ። ቆዳ ያቀላል ተብሎ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እዚህም ይወጋል። የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ዓላማ መወጋቱ ጉበትን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል በ2011 አስጠንቅቋል። በ2019 ደግሞ ኤፍዲኤ ለምግብ ማሟያ የተዘጋጀ የግሉታታዮን ዱቄት ወደ መርፌ ተቀይሮ ሰባት ሰዎችን እንዳንቀጠቀጠ፣ እንዳስታወከና ትንፋሽ እንዳሳጠረ ገልጾ ዱቄቱን እንዳይጠቀሙበት ቀማሚዎችን አስጠንቅቋል። ለመዋጥ የሚበቃ ንጽሕና ለደም ሥር አይበቃም።

የመጨረሻው ነገር ሻንጣ ነው። አገር ቤት ስትሄዱ ለእናት፣ ለአክስት ቫይታሚን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ክኒን ከሆነ ጥሩ። ከክሊኒክ የተቀበላችሁትን ብልቃጥ ግን እባካችሁ አትውሰዱ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ጽሑፉን አንብቡ። በጅምላ ከሚቀምመው የተመዘገበ ድርጅት ከመጣ የተቀመመ መድኃኒት መሆኑን የሚገልጽ ቃል፣ የድርጅቱ ስም፣ የምድብ ቁጥርና ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙበት የሚል ቀን ይኖርበታል። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፤ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ በሻንጣ ሆድ ውስጥ ማቀዝቀዣ የለም። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተዘጋጀ ብልቃጥ የጀርም መከላከያ አይጨመርበትም፤ አንዴ ከተወጋ የቀረው ይደፋል። ለብዙ ጊዜ የተዘጋጀውም ቢሆን አንዴ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል። አክስታችሁ ግን አይጥሉትም፤ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡና ከስድስት ወር በኋላ ጎረቤት ሲታመም ለሰፈሩ ድሬሰር አውጥተው ይሰጡታል።

ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ ከወደ ኋላ አለ። በእጃችሁ ብልቃጥ ወይም የክሊኒክ ደረሰኝ የያዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደ ፊት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።